«ራስሽን ሁኚ» እና «ራስሽን ካጂ»፦ የቱን ልከተል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ደብረ ብርሃን ውስጥ መምህርነት እየተማርኩ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን መዝሙር አስጠናለሁ፤ በገናም ጀምሬአለሁ። ኮሌጅ ውስጥ «ራሳችሁን ሁኑ» ይሉናል፤ ቤተ ክርስቲያን ስመጣ ደግሞ «ራሱን ይካድ» ሲነበብ እሰማለሁ። የቱን ልከተል? ስዘምር ድምፅሽ የአንዲት የታወቀች ዘማሪት ግልባጭ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ የተማርኩት ከስልክ እየሰማሁ ነው። አሁን ደግሞ ለተግባር ልምምድ በባሶና ወራና አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመድቤ ትንንሾቹን ዜማ እንዳስተምር ተሰጥቶኛል። አንድ ወንድማችን «ዘፈን አስተማሪ ልትሆኚ ነው» አለኝና እንቅልፍ አጣሁ። ልተወው?

መልስ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። በአገልግሎት ላይ እያሉ «እኔ እውነተኛ ነኝን?» ብለው የሚጨነቁ ጥቂቶች ናቸው።

ጌታ «ራሱን ይካድ» ያለው መቼ እንደሆነ እይ። ማቴዎስ ምዕራፍ 16ን ከፍ ብለሽ ብታነቢ፣ ጴጥሮስ ጌታን ወደ እርሱ ወስዶ ስለ መከራው እንዳይናገር ሲከለክለው ታገኚዋለሽ። ቃሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲካድ የተጠየቀው መስቀል የሌለበትን መንገድ የሚፈልገው ፈቃድ ነው፤ ዛሬ በእኛ ላይ ሲታይ ጭብጨባ የሚያሳድደው፣ ሰው ምን ይለኛል እያለ የሚያድረው ማለት ነው። የጴጥሮስ ችኩልነትና ትኩሳት ግን አልጠፋም፤ በበዓለ ሃምሳ ቀድሞ ተነሥቶ የሰበከው ያው ቀድሞ የሚናገረው ጴጥሮስ ነው። ዮሐንስም ጴጥሮስን ሁን አልተባለም። እግዚአብሔር የፈጠረብሽን ጠባይ አንቺ እንድትሰርዢው አይፈልግም፤ እንዲቀደስለት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት የሚጣሉት «ራስሽን ሁኚ» ማለት «ያሰኘሽን አድርጊ» ማለት ሲሆን ብቻ ነው። በዚያ ትርጉም ከሆነ የሚነግሩሽ፣ አትስሚያቸው።

ዳዊትን ደግሞ አስቢው፤ እርሱም እንዳንቺ በገና ደርዳሪ ነው። ወደ ጎልያድ ሊሄድ ሲል ሳኦል የራሱን የናስ ቍርና ጥሩር አለበሰው፣ ሰይፍም አስታጠቀው። ሳኦል ክፉ አላሰበም፣ ትጥቁም መልካም ትጥቅ ነበር። ዳዊት ግን አልለመድኩትምና በዚህ መሄድ አልችልም ብሎ አወለቀው፤ በትሩን፣ ወንጭፉንና ከወንዝ የመረጣቸውን አምስት ድንጋዮች ይዞ ወረደ (1 ሳሙ 17፥38–40)። ይህን ያደረገው ልዩ ሆኖ ለመታየት አይደለም። እግዚአብሔር በበግ ጥበቃ ያለማመደውን ይዞ ሄደ እንጂ ሌላ አልፈለገም።

የድምፅሽን ነገር ግን ረጋ ብለሽ ስሚኝ፤ ብዙ ወጣት ዘማርያን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። መምሰል በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዜማ ቤት የገባ ተማሪ ሌላ ሥራ የለውም። የኔታ ያዜማሉ፣ እርሱ ይቀበላል፤ ይዘትና ድፋት በተባሉት የዜማ ምልክቶች ላይ ቢስት፣ ይዘቱን ከረገጠ፣ ድፋቱን ካላወረደ ከዚያው ቃል ላይ ይመልሱታል። ከፊደሉ በላይ የተጻፈውን ምልክት «እኔ እንዲህ ይሻለኛል» ብሎ የሚያልፍ የለም። ሆኖም ሌሊት ማኅሌት ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትቆሚ መሪጌቶቹን በድምፃቸው ለይተሽ ታውቂያቸዋለሽ። የየአገሩ የዜማ ቤትም እንዲሁ ነው፦ የጋይንቱ ቤተልሔም የራሱ ይትበሃል፣ የራሱ የአዜማም ልማድ፣ አለው፤ የእኛው ተጉለትም በስሙ የሚጠራ ዜማ አለው፤ ሁሉም ግን የያሬድ ነው። ልዩ ልሁን ብሎ ሳይነሣ፣ የተቀበለውን በታማኝነት ሲያዜም የኖረ ሰው ውሎ አድሮ የራሱ ድምፅ ይወጣለታል።

ታዲያ ያንቺ ችግር ምኑ ላይ ነው? ዘማሪቷ ትንፋሽ የምትስብበት ቦታ አንቺም ትስቢያለሽ። ድምፅዋ የሚሰበርበት ቃል ላይ ያንቺም ይሰበራል። እርሷ ያን ጊዜ ምን አስታውሳ እንዳለቀሰች እግዚአብሔር ያውቃል፤ አንቺ ግን ልቅሶዋን ያለ ሐዘኗ ወሰድሽው። ዜማውን ተቀበዪ፣ ቃሉን ተቀበዪ፤ እንባውን ተዪላት። ሐዋርያው «በመንፈስ እዘምራለሁ በአእምሮም ደግሞ እዘምራለሁ» ይላል (1 ቆሮ 14፥15)። የምትዘምሪውን ግጥም መጀመሪያ ያለ ዜማ፣ እንደ ጸሎት፣ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ካልገባሽ ጠይቂ። የገባሽ ቃል ሲዘመር ድምፅሽ የት እንደሚለሰልስ ማንም ሳያሳይሽ ታውቂዋለሽ።

በገናውም በዚህ ይረዳሻል። አሥሩን አውታር ስትቃኚ በየአውታሩ ሥር የምትገባዋን ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራዋን፣ ታውቂያታለሽ። ትንሽ ካለፈች አውታሩ ይደነቁራል፤ ልኳን ስታገኝ ያ የምናውቀው ንዝረት ይወጣል። ልኳ በየበገናው ይለያያልና የጓደኛሽን አይተሽ አታስቀምጫትም፤ ጣትሽና ጆሮሽ እስኪስማሙ ትሞክሪያለሽ። ድምፅሽንም እንደዚሁ በትዕግሥት ፈልጊው። ደግሞ በገና ጩኸት አይወድም፤ ዝቅ ብለሽ ስትዘምሪበት የተዋስሽው ነገር ሁሉ ይታወቅብሻል።

ወደ መምህርነትሽ ልምጣ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ሁላችን የምንተርከው ስለ ትሉ ነው፦ ማይ ኪራሕ ላይ ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ዛፉን የወጣው። እኔ ግን መምህር ለሚሆን ሰው ጌዴዎንን ማሳየት እወዳለሁ። አጎቱ ነበሩ፣ መምህሩም ነበሩ፤ ትምህርት አልገባው ብሎ ዓመታት ያለፉበትን ልጅ ገርፈውት ኮበለለ። ሲመለስ ወደ ሌላ መምህር አልሄደም፤ ከእርሳቸው እግር ሥር ወደቀ፣ እርሳቸውም ተቀበሉት። ያ ደንቆሮ የተባለ ልጅ ነው ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይን፣ ለቤተ ክርስቲያን ያስረከበው፤ የዜማ መጻሕፍቱ ድጓውም ጾመ ድጓውም በስሙ የሚጠራው። እዚያ ገጠር ትምህርት ቤት ከኋላ ተቀምጦ፣ ጠዋት በግ አሰማርቶ የመጣ፣ ፊደል የማይያዝለት ልጅ ይኖራል። እርሱ ሲመለስ የምትቀበዪው ሁኚ።

በክፍልም የሌላ መምህር ቁጣ አትኮርጂ። ልስልስ ከሆንሽ በልስላሴሽ ሥርዓት አስይዢ። በጎጃም ዓይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንበር ዘርግተው ቅኔ ሲያስተምሩ፣ ሴትነታቸውም ዓይነ ሥውርነታቸውም ከወንበሩ አላስነሣቸውም፤ ሌላ ሰው መምሰልም አላስፈለጋቸውም። ለጢሞቴዎስ የተጻፈው ላንቺም ነው፦ «በቃልና በኑሮ በፍቅርም በእምነትም በንጽሕናም ለሚያምኑቱ ምሳሌ ሁን እንጂ ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» (1 ጢሞ 4፥12)።

አሁን እንቅልፍ የነሣሽ ነገር። ወንድምሽ የፈራልሽ ከመንፈሳዊ ቅናት ይመስለኛልና አትቀየሚው። ሐዋርያው በገላትያ 5፥21 ዘፋኝነትን ከስካር ጋር ቆጥሮታል፤ ቤተ ክርስቲያንም ሥጋን ወደ ዝሙትና ወደ ስካር የሚጠራውን ዘፈን ትከለክላለች፣ እኔም ይህን አላላላልሽም። ቁጥር የሚያስቆጥር፣ ፊደል የሚያስለይ፣ እናትን አክብሩ ዛፍ ትከሉ የሚል የሕፃናት ዜማ ግን ከዚያ አይቆጠርም። በቡሄ ጅራፍ እያጮኹ በየደጁ የሚያዜሙት፣ በእንቁጣጣሽ አደይ ይዘው የሚዞሩት ልጆች እኮ በበዓላችን የምናሳድጋቸው የእኛው ናቸው። ስለዚህ አትተዪው። የሚሰጥሽን ግጥም አስቀድመሽ እዪ፤ ለሕፃን የማይገባ የፍቅር ዘፈን ካለበት ተቆጣጣሪ መምህርሽን በትሕትና «በሌላ ልተካው» በያቸው። ምክንያትሽንም ሳታፍሪ ተናገሪ፤ ራስን መሆን ያለው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በላይ የሚከብድሽ ሲገጥምሽ የንስሐ አባትሽን አማክሪ፤ ኑሮሽን ከእኔ ይልቅ እርሳቸው ያውቃሉ።

ስልኩን ጣዪው አልልሽም። የተማርሽውን ለመከለስ፣ መንገድ ላይ ለመቀጸል፣ ማለት በቃል ለመደጋገም፣ ይጠቅማል፤ ግን ስትሳሳቺ አይመልስሽም። የደብርሽን መሪጌታ ፈቃድ ጠይቂና ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹን ከማስጠናትሽ በፊት የምታስጠኚውን መዝሙር መጀመሪያ እርሳቸው ፊት ዘምሪው። ያረሙሽን ቦታ ደብተርሽ ላይ አስምሪበት፣ ሕፃናቱም እዚያው ላይ ሲስቱ ታገኚያቸዋለሽ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።