አባባ የሚያወሩት ዋንጫ የቱ ነው?

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ሦስቱን መርጠናል። ሦስቱም ከሀዋሳ ናቸው። ሀዋሳዎች ወሬ ትወዳላችሁ፣ እኛም እንወዳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ተወልጄ ያደግኩት ኮሪያ ሰፈር ነው። አባባ የሀዋሳ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ሻምፒዮን የሆነበትን ዓመት ሳያወሩ ያለፈ በዓል የለም። ችግሩ ታሪኩ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ዘንድሮ ጭራሽ «በ1996 ሽመልስ በቀለ ጎል ሲያገባ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ኮፍያውን ወርውሮ በዚያው ቀረ» አሉ። ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ «2004 ነው የሚለው፣ ተሳስተዋል» ሲላቸው አኮረፉ። ሁለተኛውን ቡና እንኳ ሳይጠጡ ተነሱ። እኔ ታሪኩን ለልጆቼ ጽፌ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ። ማንን ልመን?

መልስ፦ በዓመቱ ላይ አባትሽ ልክ ናቸው፣ ወንድምሽ ይቅርታ ይጠይቅ። ስልኩ ላይ ያየው 2003/04 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ 1996 ማለት ነው። ክለቡ ሁለተኛውን ዋንጫ ያነሳበት 2006/07 ደግሞ በእኛ 1999 ነው። ስትጽፊ አንዱን አቆጣጠር ብቻ ያዢ፣ አለዚያ ልጆችሽም በተራቸው ይጣላሉ።

በሽመልስ ግን አባባ ተሳስተዋል። ሽመልስ በቀለ የተወለደው በጥቅምት 1983 ነው። በ1996 የ13 ዓመት ልጅ ነበር፣ ምናልባት እሱም አጥር ላይ ተንጠልጥሎ እያየ ይሆናል። ነገሩ እንዴት እንደተቀላቀለ መገመት አይከብድም። ሁለት ዋንጫ አለ፣ በመካከላቸው ያለው ሦስት ዓመት ብቻ ነው፣ ከዚያ ሽመልስ በሀዋሳ ማሊያ ብቅ አለ፣ በጥር 2005 ደግሞ ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ አፍሪካ ዋንጫ ሲገባ እሱም ነበረበት፣ ሌላው የሀዋሳ ልጅ አዳነ ግርማ ዛምቢያ ላይ አገባ፣ ያን ቀን ከተማው እንዴት እንደነበረ አንቺም ታስታውሻለሽ። ይሄ ሁሉ ደስታ ተደራርቦ አባትሽ ጋ አንድ ቀን ሆኗል። አልዋሹም።

ልጆችሽ ዋንጫው ለምን ያን ያህል እንደሚወራ እንዲገባቸው አንድ አንቀጽ ጨምሪ። ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ሲጀመር መብራት ኃይል በላ። ከዚያ እስከ 1995 ድረስ ዋንጫው ከጊዮርጊስና ከመብራት ኃይል እጅ አልወጣም። ሁለቱም የአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው። በ1996 ከክልል የመጣ ክለብ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደው። 1997 እና 1998 ጊዮርጊስ መለሰው፣ 1999 ላይ ሀዋሳ ደገመ። ከዚያ በኋላ ሌላ የክልል ክለብ ዋንጫውን እስኪያነሳ 2010 ድረስ፣ ጅማ አባ ጅፋር እስኪመጣ ድረስ ተጠብቋል። በቃ። የውጤት ሰንጠረዥ አትገልብጪ፣ ማንም አያነበውም።

አሁን ወደ ሰውዬው እንምጣ። ኮፍያውን የወረወረው ሰውዬ ወርቅ ነው። ማን እንዳገባ ከሌላ ቦታ ይገኛል፣ ያ ኮፍያ ግን ያለው አባትሽ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትጠይቂያቸው «ማን አገባ?» ብለሽ አትጀምሪ። እሱን ካልሽ ፈተና ላይ የተቀመጡ ይመስላቸዋል። «የት ቆመው ነበር?» በያቸው። ጨዋታው እዚሁ ሀዋሳ ነበር ወይስ አዲስ አበባ ስታዲየም? አዲስ አበባ ከሆነ ከስታዲየሙ በየትኛው በኩል፣ ካታንጋ ነበሩ፣ ሚስማር ተራ ወይስ አንድ ዘመድ ትኬት ሰጥቷቸው ጥላ ፎቅ ተቀምጠው? (ጥላ ፎቅ ካሉሽ ትኬቱን የሰጠውን ሰው አጥብቀሽ ጠይቂ፣ እዚያ ሌላ ታሪክ አለ።) በምን ሄዱ? ያኔ ፈጣን መንገድ የለም፣ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ በሻሸመኔ፣ በዝዋይ፣ በሞጆ አድርጎ ነው። ትራንስፖርቱን ማን ከፈለ? እናትሽ ያውቁ ነበር? ሰውዬውስ ኮፍያውን ፈለገው ወይስ ባዶ ራሱን ወደ ቤቱ ሄደ?

እያወሩ አታርሚያቸው። ወንድምሽም እንዳያርም ስልኩን ቀሚው። ስትጽፊ የሳቸውን በሳቸው አፍ እንዳለ አስቀምጪ፣ ሽመልስንም ጨምሮ። ከሥር በአንድ መስመር «ዓመቱ 1996 ከሆነ ያገባው ሽመልስ ሊሆን አይችልም» በይ። በግምት የሌላ ተጫዋች ስም እንዳትተኪበት። እውነተኛውን ከፈለግሽ አዲስ አበባ ስትመጪ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር ግቢና የዚያን ጊዜ የአዲስ ዘመን ጋዜጣን የስፖርት ገጽ አስወጪ። ያኔ ክለቡ «አዋሳ ከነማ» ይባል ስለነበር በዚያ ስም ፈልጊ።

ጥያቄ፦ በወጣትነታችን ታቦር ተራራ ሥር የሰፈር ቡድን ነበረን። አንድ ጊዜ ለዋንጫ ደርሰን በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን። የመጨረሻዋን የሳተው ጓደኛችን ዛሬም ጎረቤቴ ነው፣ ሥጋ ቤት አለው። የድሮዎቹ ተጫዋቾች ልንገናኝ ነውና ታሪካችንን ጽፈህ አንብብ ብለውኛል። የሱን ነገር ላንሳው ወይስ ልዝለለው?

መልስ፦ ጋሼ፣ ቢዘሉትም ሁሉም ሰው የሚጠብቀው እሱን ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሥጋ ቤቱን እያየ ዝም ሲል ይታይዎት። ቀድመው ሱቁ ይሂዱና ፊት ለፊት ይጠይቁት። «አንተ ብትነግረንስ?» ይበሉት። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ሲቀለድበት ስለኖረ አብዛኛውን ጊዜ ከሁላችሁም የተሻለ አሳምሮ ያወራዋል፣ ኳሷ የት እንደገባች፣ ማን እንደሰደበው፣ ማታ ቤት ምን እንደጠበቀው። እሺ ካለ ያችን ቦታ ለሱ ይተዉለትና እርስዎ ይቀመጡ። «ተወኝ» ካለ ግን «በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን» ብለው ይለፉ፣ ስም አይጥሩ። ለአንድ ማታ ሳቅ ብሎ ጎረቤት አይከፋም።

በነገራችን ላይ ስለ ዳኛው የጻፉልንን ረጅም ስሞታ ቆርጠነዋል። ሲያነቡም ይቁረጡት።

ጥያቄ፦ እማዬ አሞራ ገደል አሳ እየሸጠች ነው ያሳደገችን። ታሪኳን በድምፅ ልቀዳ ስል «እኔ ደግሞ ምን ታሪክ አለኝ» ብላ ትዘጋኛለች።

መልስ፦ «ታሪክሽን ንገሪኝ» ሲባል ሰው አርበኛ ወይ ሚኒስትር መሆን ያለበት ይመስለዋል። ትንሽ ትንሹን ጠይቂ። ያኔ አንድ ቆሮሶ ስንት ነበር? አምባዛ የሚገዛው ማን ነበር? ጀልባ ሳይመለስ ሲቀር ሴቶቹ የት ሆነው ይጠብቁ ነበር? ዱቤ በልቶ የጠፋውስ? በተለይ የዱቤውን ጠይቂያት፣ እስከ ዛሬ ስሙን ትይዘዋለች። ቁጭ አድርገሽ አትጠይቂያት፣ አሳ እየጠረገች ይሁን፣ እጇ ሥራ ሲይዝ አፏ ይፈታል። ስልኩን ደብቀሽ ግን አትቅጂ፣ አስቀድመሽ ንገሪያት። እና ከውሃው ራቅ አድርጊው።