አርድሞሩ አልተበላሸም፤ ተራውን ጠብቅለት እንጂ

ወንድሜ፣ ለአማትህ የገዛኸው አርድሞር የተባለው የስኮትላንድ ውስኪ «ጭስ ጭስ ይላል፣ ተበላሽቶ ይሆን? እንዴትስ ነው የሚቀመሰው?» ብለሃል። አልተበላሸም። እንዳትመልሰው። እኔ ግላስጎው ነው የምኖረው፤ በዚህ ነገር ገንዘብ ወጥቶብኛል፣ ተናድጄበታለሁም።

ጭሱ የሚመጣው ከብቅሉ ነው። የበቀለው ገብስ ሲደርቅ ከሥሩ ፒት ይነድበታል። ፒት ረግረግ ላይ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ዕፅዋት ነው፤ ተቆርጦ፣ ደርቆ ይማገዳል። አርድሞር በ1898 አበርዲንሺር ውስጥ የተቋቋመ፣ ሃይላንድ በሚባለው የስኮትላንድ ክፍል ያለ የውስኪ ፋብሪካ ነው። ቲቸርስ የሚባለውን ቅልቅል ውስኪ ጠጥተህ ታውቃለህ? የእሱም ጭስ ከዚሁ ነው። የአርድሞር ብቅል ጭስ 12 እስከ 14 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ፣ የጭሱ መለኪያ ነው) ገደማ ነው። አይላ በሚባለው የስኮትላንድ ደሴት ላይ የሚሠሩት እነ ላፍሮይግ ውስኪ 40ን ይነካሉ። ይህቺን ልዩነት ያዛት።

1. በረዶ የለም። ኮካም የለም። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ፈልግ።

2. አፍንጫህን ብርጭቆው ውስጥ አትንከር፤ አልኮሉ ይመታሃል። አፍህን ከፈት አድርገህ ከላይ ከላይ አሽትት። ማርና ቫኒላ ይቀድማል፣ ጭሱ ኋላ ብቅ ይላል።

3. ተራ! እኔን ያበሳጨኝ ይሄ ነው። እዚህ ከተማ አንድ ባር «የቅምሻ ምሽት» ብሎ 40 ፓውንድ ተቀበለኝ። ቀጂው ከአይላው ጀመረ። ያን ከባድ ጭስ አጠጥቶን ሲያበቃ አርድሞሩን ቀዳ። ምን ይሰማሃል? ውሃ! ምላስ አንዴ ከባዱን ከለመደ ስሱን ጭስ ከቁብ አይቆጥረውም። «ተራው ተገላብጧል» አልኩት በትሕትና። ሳቅ ብሎ «አንተ ለጭስ አዲስ ስለሆንክ ነው» አይለኝም? እኔ! ጋን በወይራ ታጥኖ ጠላ ሲጠመቅ እያየሁ ያደግኩትን ሰውዬ! ጭስና ብቅል ለእኛ ምን አዲስ ነገር ነው? ገንዘቤን መልስ ስለው «ኢሜይል ጻፍ» አለኝ። ጻፍኩ። እስካሁን ድምፅ የለም። ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር፣ አጠገቤ የነበሩት የአገሩ ሽማግሌ «ልጁ ልክ ነው» ብለው ብርጭቋቸውን ገፋ አደረጉ። ቀጂው ጆሮው ቀላ።

ስለዚህ አርድሞሩን ከሌላ ጭስ በፊት ቅዳላቸው። እሑድ ቡና የሚፈላ ከሆነ ደግሞ ዕጣኑ ከመጨሱ በፊት ይሁን። ዕጣን በሞላው ቤት የትኛው ጭስ የማን እንደሆነ አትለይም። ዶሮ ወጥ ከተበላ በኋላም አይሞከርም፤ በርበሬው ምላስ አያስተርፍለትም።

ውሃ ግን ጠብታ ጠብታ ጨምርበት፣ ሽታውና ጣዕሙ ይከፈታል። ለንደን ከሆንክ የቧንቧውን ተወው፣ ኖራ ይበዛዋል፤ ጋዝ የሌለው የታሸገ ውሃ ይሻላል። የተረፈውን ጠርሙስ አቁመህ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አስቀምጥ። እንደ ወይን ማጋደም የለም፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል።

አማትህ ኮካ ካልጨመርኩ ካሉ አትከራከራቸው፤ ጠርሙሱ የእሳቸው ነው። የመጀመሪያዋን መለኪያ ብቻ ንጹሑን አስቀምሳቸው።