የአንድ እናትና አባት ልጆች ለምን ይለያያሉ?

ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ልጆች በመልክም ሆነ በደም ዓይነት የሚለያዩት ለምን እንደሆነ ጠይቀዋል። የዚህ ዋናው ምክንያት የወንዴና የሴቴ ዘር ህዋሳት የሚፈጠሩበት፣ ሚዮሲስ የተባለው የህዋስ ክፍፍል ነው።

የሰውነታችን ህዋስ 46 ክሮሞሶሞች፣ ማለትም የዘር መረጃን በዲኤንኤ መልክ የተሸከሙ ክር መሰል አካላት፣ አሉት፤ ግማሾቹን ከእናት፣ ግማሾቹን ከአባት ወርሰናቸዋል። በሚዮሲስ እነዚህ 23 ጥንዶች ሲለያዩ፣ የአንዱ ጥንድ አደራደር በሌላው ላይ ተጽዕኖ ስለሌለው፣ አንድ ሰው ከ8 ሚሊዮን በላይ የተለያዩ የክሮሞሶም ጥምረቶችን ለዘር ህዋሳቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። ለምሳሌ የደም ዓይነትን የሚወስነው ዘረመል በ9ኛው ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ፣ ኤ የሆነ አባትና ቢ የሆነች እናት ሁለቱም የኦን ዘረመል ደብቀው ከያዙ፣ አራቱም የደም ዓይነቶች በልጆቻቸው ላይ ሊታዩ ይችላሉ፤ ይህን ባለማወቅ የሚነሣ የአባትነት ጥርጣሬ በእጅጉ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ጥንዶቹ ክሮሞሶሞች ከመለያየታቸው በፊት የሚሆነው ነው፤ ጎን ለጎን ተጣብቀው ተመጣጣኝ የዲኤንኤ ቁራጮችን ስለሚለዋወጡ፣ ለልጅ የሚተላለፈው ክሮሞሶም በዚያው ወላጅ በኩል ያሉት የሁለቱ አያቶች ቅልቅል ይሆናል። በሴቶች ይህ ልውውጥ የሚፈጸመው ገና በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ነው።