መብራት ሲጠፋ ብቻውን ለሚያድር ሰው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከከተማ ርቀው፣ ብቻቸውን ከሚኖሩ አንባቢያን የደረሱንን የክረምት ጥያቄዎች መርጠናል።

ጥያቄ፦ ክረምት በገባ ቁጥር መብራት ይጠፋብኛል፤ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ቀን ሳይመጣ ይቆያል። የምፈልገው ማታ ማታ ብርሃን ማግኘትና ስልኬን ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው። ጄኔሬተር ልግዛ?

መልስ፦ ፍላጎትዎ ይህ ብቻ ከሆነ ጄኔሬተሩን ይተዉት። ለአንድ አምፖልና ለአንድ ስልክ ብሎ ቤንዚን ማጠራቀም፣ ዘይት መቀየርና በዝናብ ገመድ መጎተት አያዋጣም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይበቃዎታል።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ የሚያደርገው ዕቃ) ውስጥ የሚገባው ዓይነት ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የታሸገ ሊድ አሲድ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል (12 በ7 ሲባዛ)፤ አንድ ዋት-ሰዓት ባለ 1 ዋት ዕቃ በአንድ ሰዓት የሚበላው ነው። ከዚህ ውስጥ ግማሹን፣ ማለትም 42ቱን ብቻ እንዳለዎት ይቁጠሩ፤ ከግማሽ በታች እየደጋገሙ ካወረዱት ዕድሜው ያጥራል። ባለ 3 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በ5 ሰዓት 15 ዋት-ሰዓት ይበላል። 5000 ሚሊ አምፒር-ሰዓት የሚይዝ የስልክ ባትሪ ከባዶ ሲሞላ፣ በሙቀት የሚባክነው ተጨምሮ፣ 25 ያህል ይፈጃል። ድምሩ 40 ነው፤ ያቺን ምሽት ተወጡ ማለት ነው። ሦስት ምሽት እንዲያደርስዎ ከፈለጉ ባለ 20 አምፒር-ሰዓቱን ይግዙ።

አገጣጠሙ ከባድ አይደለም፤ አንድ ነገር ግን አይዘለልም። ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ በሚወጣው ገመድ ላይ፣ ለባትሪው በጣም ቀርቦ፣ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ (ከልክ በላይ ኃይል ሲያልፍበት ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጥ) ይግባ። «12 ቮልት ሰው አይዝም» ብለው ፊውዙን የሚንቁ አሉ። እውነት ነው፣ ሰው አይዝም፤ ነገር ግን ሁለቱ ገመዶች ከተነካኩ ባትሪው ያለውን ሁሉ በአንዴ ይለቅና ገመዱ ግሎ እሳት ያስነሳል። ከፊውዙ ወዲያ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ይበቃል። አምፖሉ ባለ 12 ቮልት ዲሲ መሆን አለበት፤ የቤቱ አምፖል በዚህ አይበራም። ለስልኩ መኪና ውስጥ የሚሰካውን ቻርጀርና የራሱን ሶኬት ይጠቀሙ። ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚቀይር ዕቃ) አያስፈልግዎትም፤ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ባትሪዎን ይበላል።

ባትሪ በብዛት የሚሞተው በሥራ ሳይሆን በመቀመጥ ነው። ባዶውን ወይም ግማሽ ላይ እንዳለ መደርደሪያ ላይ የከረመ ሊድ አሲድ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበትና መያዝ ይተዋል። ስለዚህ መብራት እንደመጣ ወዲያው ይሙሉት፤ ባይጠቀሙበትም በየ3 ወሩ ይሙሉት። ለባለ 7ቱ ባትሪ የቻርጀሩ ጉልበት ከ2 አምፒር አይብለጥ፤ የጋራዡ ትልቅ ቻርጀር ያነፍረዋል። መልቲሜትር (የቮልት መለኪያ) ካለዎት፣ ምንም ሳይሰካበት ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.1 አካባቢ ከሆነ ግማሽ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ብርዱ ሲጠናብኝ መኝታ ክፍሌ ከሰል አስገባለሁ። ፍም ከሆነና ጭሱ ካለቀለት ችግር የለውም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። የሚገድለው ጭሱ አይደለም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ከሰሉ ቀይ ፍም ሆኖ ጥርት ባለበት ሰዓትም ይወጣል። ከደም ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል፣ ብቻውን ከሆነ ደግሞ የሚቀሰቅሰው የለም። ደጅ ሲወጡ የሚሻልዎት ራስ ምታት ካለ ጥፋተኛው ክፍሉ ነው፤ ተመልሰው አይግቡ፣ ሕክምና ይሂዱ። መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ማውጫው በጥላሸት ወይም በወፍ ጎጆ አለመደፈኑን ከክረምት በፊት ያረጋግጡ። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ካገኙም ይግዙ።

ከሰሉን ምን ይተካው? መጀመሪያ ቤቱን ያጥብቡት። ትንሿን ክፍል ይምረጡ፣ የሌሎቹን በር ይዝጉ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ይወትፉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ መጋረጃ ይጣሉ። ብርድ ልብስ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከሥርም ያንጥፉ፤ ሙቀት በፍራሹ በኩልም ይወጣል። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ስስ መደራረብ ይሻላል፤ ኮፍያና ካልሲ አይቅር። ከመተኛትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ክዳኑ በደንብ በሚጠብቅ የሙቅ ውሃ ከረጢት ሙቅ፣ ግን ያልፈላ ውሃ ሞልተው በጨርቅ ጠቅልለው በእግር በኩል ያስገቡ።

ጥያቄ፦ ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምግብና የስኳር መድኃኒቴ ስንት ሰዓት ይቆያሉ?

መልስ፦ በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ 4 ሰዓት ያህል፣ ጢም ያለ ፍሪዘር 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነ 24 ሰዓት ይይዛል። ስለዚህ በፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ውሃ የያዙ ጠርሙሶች አስቀድመው ያኑሩ፤ ሲቀዘቅዝ ስለሚነፋ እስከ አፋቸው አይሙሏቸው። ከ4 ዲግሪ በላይ ሞቆ ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ ሥጋ፣ ወተትና የተረፈ ወጥ ባይሸትም ይጣል። የስኳር መድኃኒትዎ ኢንሱሊን ከሆነ፣ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከተጀመሩ በኋላ በቀዝቃዛ ክፍል ሳምንታት ይቆያሉ፤ የእርስዎን መመሪያ ወረቀት አንብበው ቀኑን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ከበረዶ ጋር አስጠግተው አያስቀምጡት፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይታመንም፣ አይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ጄኔሬተር አለኝ። ሁለቱም ጫፉ ፊሽ በሆነ ገመድ ከሶኬት ብሰካው ቤቱ ሁሉ ይበራል አሉኝ።

መልስ፦ ይበራል፤ መስመሩ ላይ የወጣ ሠራተኛም ሊሞት ይችላል። ኃይሉ በቆጣሪዎ በኩል ወደ ውጭ ይወጣና ትራንስፎርመሩ ወደ ከፍተኛ ቮልት ይቀይረዋል። ያልተሰካው ጫፍ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንደያዘ በእጅዎ ላይ ይቀራል። ማስተላለፊያ ማብሪያ ማጥፊያ (ቤቱን ከውጭው መስመር ወይም ከጄኔሬተሩ፣ ከአንዱ ጋር ብቻ የሚያገናኝ) በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያስገጥሙ፣ ካልሆነ ዕቃዎቹን በቀጥታ ጄኔሬተሩ ላይ ይሰኩ። ጄኔሬተሩም ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ጭሱ ከበርና ከመስኮት በተቃራኒ ይሁን።

ጥያቄ፦ መብራት ሲመጣ ዕቃ ይቃጠልብኛል።

መልስ፦ እንደጠፋ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ይንቀሉ፣ መምጣቱን የምታሳውቅ አንድ አምፖል ብቻ ትብራ። ከመጣ በኋላ 15 ደቂቃ ይጠብቁ። አምፖሏ ከወትሮው በላይ ከደመቀች ወይም ከፈዘዘች የኑትራል (የመመለሻው) ገመድ ላልቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ዋናውን ብሬከር አውርደው ባለሙያ ይጥሩ።

ጥያቄ፦ እናቴ ብቻዋን ናት፤ መብራት ሲጠፋ ስልኳም አይሠራም። በሩቅ ሆኜ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔትወርክ ማማዎች ራሳቸው ባትሪ ስለሚጨርሱ ስልክ ላይ ብቻ አይመኩ። ከቅርብ ጎረቤት ጋር ምልክት ይስማሙ፦ እናትዎ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የፊት መስኮቱን መጋረጃ ይከፍታሉ፤ እስከ ሦስት ሰዓት ካልተከፈተ ጎረቤት መጥቶ ያንኳኳል። ስልክ ሲቆራረጥም ጥሪ እምቢ ባለበት አጭር መልእክት ሊያልፍ ስለሚችል እሱን ይሞክሩ። ትራስጌያቸው ግንባር ላይ የሚታሰር የባትሪ መብራት ይኑር፤ ሁለት እጃቸው ነጻ ሆኖ ግድግዳ መደገፍ ይችላሉ፣ በጨለማ ሻማ ይዞ ከመሄድም ያድናቸዋል። ውሃው በፓምፕ የሚመጣ ከሆነ ለመጠጥና ለማብሰያ በቀን 4 ሊትር፣ ለሦስት ቀን 12 ሊትር በክዳን ይቀመጥ፤ እሳቸው ሊያነሱት እንዲችሉ በባለ 20 ጀሪካን ሳይሆን በባለ 2 ሊትር ጠርሙሶች ይሁን። አስፈላጊ ስልክ ቁጥሮችም በደማቅ ብዕር ተጽፈው በሩ ጀርባ ይለጠፉ።