ልግዛ ወይስ ራሴ ልገጣጥም ላልከው ወንድማችን፦ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን እየው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አነበብኩት። ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር ለመግዛት ገንዘብ እንዳጠራቀምክ፣ ተገጣጥሞ የሚሸጥ አንድ ዝግጁ ማሽን ዓይንህ ውስጥ እንደገባ፣ ጓደኛህ ደግሞ «ዕቃውን ለየብቻ ገዝተህ ራስህ ብትገጣጥመው ይሻላል» እንዳለህ፣ አንተ ግን ኮምፒውተር ከፍተህ እንደማታውቅ ጽፈሃል። ከእኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች ስለ ፕሮሰሰርና የጌሙን ምስል ስለሚሠራው ግራፊክስ ካርድ በቂ ስላሉ እሱን አልደግመውም። እኔ መጀመሪያ ዝግጁውን ገዝቼ ተቃጥያለሁ፤ ቀጥሎ ራሴ ስገጣጥም ደግሞ፣ ይህኛው ምሳሌያዊ አነጋገር አይደለም፣ አቃጥያለሁ። ያም ሆኖ ምክሬ ገጣጥም የሚል ነው። ምክንያቴን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ።

1. ዝግጁ ማሽን የምትገዛ ከሆነ ሻጩ በትልቁ የማይጽፈውን ነገር ጠይቅ። ማስታወቂያው ላይ የፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ካርዱ ስም፣ የራሙ (የጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) መጠን፣ የመብራቱ ቀለም ሳይቀር ይደረደራል፤ ለዕቃዎቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ ስለሚያድለው ፓወር ሰፕላይና ዕቃዎቹ ሁሉ ስለሚሰኩበት ማዘርቦርድ ግን አንድ መስመር አታገኝም። ወጪ የሚቀነሰው እዚያ ነው። የእኔ ማሽን ደህና ፕሮሰሰርና 16 ጊጋባይት ራም ነበረው። ራሙ ግን ሁለት ባለ 8 ሳይሆን አንድ ባለ 16 ፍሬ ስለነበር፣ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ሊሠራ ሲችል በአንዱ ብቻ ሲሠራ ኖሯል። ይህንን ያወቅኩት ከዓመት በኋላ ሁለተኛ ፍሬ ስጨምርበትና ሲቆራረጥብኝ የነበረው ጌም ሲስተካከል ነው። እሱን እንኳ ይቅር ብያለሁ።

ይቅር ያላልኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። በሁለተኛው ዓመት ግራፊክስ ካርዱን ወደ አርቲኤክስ 3060 ላሳድገው ወሰንኩ። ካርዱ እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ የካርዱ አምራች ኤንቪዲያም ቢያንስ ባለ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክርለታል። የጎኑን ክዳን ከፍቼ ባየው የእኔው ፓወር ሰፕላይ 300 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ለካርዱ የሚሰካ ባለ 8 ቀዳዳ ገመድም የለውም። ይሁን ብዬ ባለ 650 ዋት አዲስ ገዛሁና አሮጌውን ፈታሁ። እጄን አፌ ላይ የጫንኩት ያኔ ነው። ኢንቴል በ1995 ያወጣው ኤቲኤክስ የተባለው መለኪያ ጥቅሙ የአንዱ አምራች ፓወር ሰፕላይ ከሌላው አምራች ማዘርቦርድ ጋር እንዲገጥም ማድረጉ ነው፤ በዚህ መለኪያ የሚሠሩት የዛሬዎቹ ቦርዶች ዋና ማገናኛቸው በሁለት ረድፍ የተደረደሩ 24 ቀዳዳዎች አሉት። የእኔ ማዘርቦርድ ላይ የነበረው ግን ድርጅቱ ለራሱ ብቻ የሠራው ትንሽ ማገናኛ ነበር። ማዘርቦርዱን ልቀይረው ብል ኬዙ (ዕቃዎቹን የያዘው ሣጥን) ላይ ያሉት የብሎን ማሰሪያዎች ከሌላ ቦርድ ጋር አይገጥሙም። ኬዙንም ልቀይረው ብል ያው አዲስ ኮምፒውተር መግዛት ሆነ ማለት ነው።

ወደ ድርጅቱ የደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። 40 ደቂቃ ያህል ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ ያነሳው ሰው የጠየቅኩትን ትቶ «ማን ይክፈቱት አልዎት?» አለኝ። በገንዘቤ የገዛሁት የራሴ ዕቃ መሆኑን፣ የምፈልገውም ከፍ ያለ ዋት ያለውና ከቦርዱ ጋር የሚገጥም ፓወር ሰፕላይ መኖር አለመኖሩን ማወቅ ብቻ እንደሆነ ሳስረዳው «ማሽኑ የተሠራው እንዳለ እንዲያገለግል ነው፤ የተሻለ ካርድ ከፈለጉ የተሻለ ሞዴል ይግዙ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ንግግሩ ከዳር እስከ ዳር «እርስዎ» ነበር፤ አክብሮት ግን አልነበረውም። ይበልጥ ያናደደኝ ሰውየው አለመዋሸቱ ነው፤ ማሽኑ በእርግጥም የተሠራው እንደዚያ ነው።

ስለዚህ አንተ ዓይንህ ስለገባው ማሽን ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ፓወር ሰፕላዩ ስንት ዋትና ምን ሞዴል ነው፣ ማዘርቦርዱ ባለ 24 ቀዳዳ ማገናኛ ያለው መደበኛ ኤቲኤክስ ወይም አነስ ያለው ማይክሮ ኤቲኤክስ ነው ወይ፣ ራሙስ ስንት ፍሬ ነው። ሻጩ ሦስቱንም በጽሑፍ ካልመለሰልህ አትግዛ።

2. ራስህ የምትገጣጥም ከሆነ የፓወር ሰፕላይ ገመድ ከሌላ ፓወር ሰፕላይ አትዋስ። መገጣጠሙ ሰዎች እንደሚያስፈራሩህ አይደለም፤ ከአንዲት ካቻቪቴ በቀር መሣሪያ አይፈልግም፤ አብዛኛው ማገናኛም ያለ ቦታው አልገባ ይላል። እኔን ጉድ የሠራኝ ያለ ቦታው የገባው አንዱ ነው።

ያንን ባለ 650 ዋት ፓወር ሰፕላይ በንዴት ለጓደኛዬ ሸጬው ነበር። ከወራት በኋላ ልቤ ሲመለስ ማዘርቦርድ፣ ኬዝ፣ ካርዱንና የሌላ አምራች ፓወር ሰፕላይ ገዛሁ፤ ከአሮጌው ማሽን ፕሮሰሰሩን፣ ሁለቱን ራምና ኤስኤስዲውን (ፈጣኑን የመረጃ ማከማቻ) አወጣሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጀምሬ ሲመሽ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። የቀረኝ የስድስት ዓመት ፎቶግራፍ ያለበት ሃርድ ዲስክ ነበር። ከኬዙ ግርጌ ስለተቀመጠ ገመዱ አንድ ስንዝር ያህል አጠረብኝ። መሳቢያዬን ስከፍት ከተሸጠው ፓወር ሰፕላይ የተረፈ አንድ ረጅም ገመድ አገኘሁ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ስሰካው የሚያግደው ነገር አልነበረም፤ ጠቅ ብሎ ገባ። ኤስኤስዲውንም ለንጽህና ብዬ ከዚያው ገመድ ላይ ሰካሁት።

ማብሪያውን ስጫን ፋኖቹ ግማሽ ዙር ዞረው ቆሙ። ከሃርድ ዲስኩ ሥር ክር የመሰለች ጭስ ወጣች፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታው ክፍሉ ውስጥ ሁለት ቀን ቆየ።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁት። የገመዱ አንደኛው ጫፍ፣ ዲስኩ ላይ የሚሰካው፣ በየትም ቢሆን አንድ ዓይነት ነው። ፓወር ሰፕላዩ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን የጋራ መለኪያ የለውም፤ እያንዳንዱ አምራች፣ አንዳንዴም ያው አምራች በተለያዩ ሞዴሎቹ ላይ፣ 12 ቮልቱንና 5 ቮልቱን በመረጠው ቀዳዳ ያሰልፋል። የማገናኛው ቅርጽ ስለሚመሳሰል ገመዱ ይገባል፤ ባለ 5 ቮልት መንገድ ላይ ግን 12 ቮልት ይለቀቃል። ኤስኤስዲዬ የሚሠራው በ5 ቮልት ነበር፤ በዚያች ግማሽ ዙር ውስጥ ሞተ። አንዲት ማራዘሚያ ገዝቼ እስኪደርስልኝ ጥቂት ቀን መታገሥ አቅቶኝ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆንኩ። ዲስኩን መረጃ ወደሚያስመልስ ባለሙያ ስወስደው ከሥሩ ያለውን ቦርድ አገላብጦ አየና፣ አንድ ቃል ሳልተነፍስ «ገመድ ተውሰው ነው፣ አይደል?» አለኝ። ፎቶግራፎቹ ተመለሱ፤ የከፈልኩት ግን ከአዲስ ዲስክ ዋጋ በእጅጉ ይበልጣል። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ካርዱ ምንም ስላልሆኑ ተመስገን ብያለሁ።

3. ትናንሾቹን ባጭሩ ልንገርህ። የሞኒተሩን ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰካው። ሁለት ፍሬ ራም በአራት ማስገቢያ ቦርድ ላይ ስታስገባ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተህ የራሙን ፍጥነት፣ በኢንቴል ኤክስኤምፒ በኤኤምዲ ኤክስፖ የሚባለውን፣ ካላበራኸው የከፈልክበትን ፍጥነት አታገኝም። ሞኒተርህም ባለ 144 ሄርዝ (ምስሉን በሰከንድ 144 ጊዜ የሚያድስ) ቢሆን ዊንዶውስ ላይ ራስህ ካልቀየርከው በ60 ሊቀመጥ ይችላል። ዲዲአር5 በተባለው አዲሱ የራም ዓይነት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበራው ትዕግሥት ይኑርህ። ለአክስቴ ልጅ ባለፈው በራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰርና በዚሁ ራም ስንገጣጥም ፋኖቹ እየዞሩ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ልጁ ፊቱ አመድ መስሎ ካቻቪቴውን ሲያነሳ እጁን ያዝኩት፤ ማዘርቦርዱ ከራሙ ጋር እየተለማመደ ስለነበር ከአራት ደቂቃ በኋላ ምስሉ መጣ። እኔ ያንን የማውቅ ሰው መሆኔ፣ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኛል።

4. ዝግጁ መግዛት የሚያዋጣበት ጊዜ የለም አልልም። በ2020 እና በ2021 ግራፊክስ ካርድ ከገበያ ጠፍቶ ዋጋው ሰማይ በነካበት ወቅት፣ ካርዱን ለብቻ ከመፈለግ ይልቅ ካርዱ ያለበትን ሙሉ ማሽን መግዛት ይሻል ነበር። ዋስትናውም ከአንድ በር ነው፤ የገጣጠምከው ማሽን ቢበላሽ የትኛው ዕቃ እንደሆነ ለይተህ ወደየአምራቹ የምትሄደው አንተው ነህ። በመደበኛ ዕቃ ገጣጥሞ የሚሸጥልህ ሰው ካገኘህም የእኔ ቅሬታ አይመለከትህም። አንተ ግን እንደ እኔው ከሁለት ዓመት በኋላ ካርድ መቀየር የምትፈልግ ሰው ትመስለኛለህ። የእኔ ኬዝና ፓወር ሰፕላይ ዛሬም እያገለገሉኝ ነው፤ በላያቸው ላይ ማዘርቦርድ አንዴ፣ ካርድ አንዴ ቀይሬያለሁ፣ ማንንም አላስፈቀድኩም።

ያንን ዝግጁ ማሽን ለማየት ስትሄድ የጎኑን ክዳን እንዲከፍቱልህ ጠይቅ። ከከፈቱልህ የማዘርቦርዱን ዋና ማገናኛና ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልን፤ ቀዳዳውን እኔ እቆጥርልሃለሁ።