ቅጠሉ ከተቀነጠሰበት እስከ ማሽኑ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ ምላሽ

ለዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ላብራቶሪ ምርመራ የሚጠይቁትን አራቱን መርጠናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትተን ከተማቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ በአወዳይ አቅራቢያ የጫት ማሳ አለኝ። አንድ ነጋዴ «ጫትህ ዲዲቲ ተረጭቶበታል» ብሎ ዋጋ አወረደብኝ፤ እኔ ግን አልረጨሁም። በላብራቶሪ አስመርምሬ የማገኘው ወረቀት ክርክሩን ይቆርጠዋልን? በውኃ ማጠብስ መርዙን ያስወግዳልን? (ከሐረር)

መልስ፦ ከሁለተኛው ልጀምር። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ በውኃ የማይሟሟ ያህል ነው፤ የሚወደው ቅባትንና ሰምን ነው። የጫት ቅጠል ደግሞ ላዩ በስስ ሰም የተሸፈነ በመሆኑ፣ ማጠብ አቧራውንና ላይ ላዩን ያለውን ቢያነሣም በሰሙ ውስጥ የሰረገውን አያወጣውም።

ወረቀቱ ክርክሩን የሚቆርጠው ግን ጥያቄዎ በትክክል ከቀረበና ናሙናው በሥርዓት ከተወሰደ ብቻ ነው። «በዚህ ቅጠል ውስጥ ያለውን ሁሉ ንገሩኝ» ለሚል ሰው መልስ ሊሰጥ የሚችል ላብራቶሪ የለም። በአንድ ቅጠል ውስጥ ክሎሮፊል፣ ሰም፣ ታኒን፣ ስኳርና ብዙ ዓይነት አልካሎይድ ተቀላቅለው ስለሚገኙ፣ ባለሙያው የሚመርጠው አሟሚ፣ የሚጠቀምበት ማሽንና የሚያነጻጽርበት ንጹሕ መለኪያ (ማንነቱና መጠኑ የታወቀ ንጹሕ ውህድ) ሁሉ እንደሚፈለገው ውህድ ይለያያል። ስለዚህ «ዲዲቲ፣ እንዲሁም ከእርሱ መፈራረስ የሚገኙት ዲዲኢና ዲዲዲ ለየብቻቸው ይለኩልኝ» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ላብራቶሪው የእነዚህ የ3ቱ ንጹሕ መለኪያ በእጁ መኖሩን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከሌለው ማሽኑ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን መጠኑን በቁጥር ሊነግርዎ አይችልም።

ሥራው የሚጀምረው ከመፍጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነውና ዛሬ በብዙ አገሮች በሚሠራበት ዘዴ፣ 10 ግራም የተፈጨ ናሙና ከ10 ሚሊ ሊትር አሴቶናይትራይል ጋር በኃይል ይናጣል፤ 4 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌትና 1 ግራም ጨው ሲጨመርበት ውኃው ከአሟሚው ይለያል፣ ፀረ ተባዩም ከአሟሚው ጋር ከላይ ይቀራል። ጫት ላይ ችግር የሚፈጥረው ከዚህ በኋላ ያለው አረንጓዴነት ነው። ክሎሮፊሉ በካርቦን ዱቄት ካልተወገደ ማሽኑን ያቆሽሻል፤ ዱቄቱ ከበዛ ደግሞ የሚፈለገውን ውህድ ጭምር ይዞ ሊቀር ይችላል። ባለሙያው ይህን የሚቆጣጠረው በንጹሕ ቅጠል ላይ የታወቀ መጠን ያለው ዲዲቲ ጨምሮ ምን ያህሉ ተመልሶ እንደሚወጣ በመለካት ነው።

የጠራው ፈሳሽ ከዚያ ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይገባል። በማሽኑ ምድጃ ውስጥ የውስጥ ስፋቱ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ 30 ሜትር የሆነ የተጠቀለለ ቀጭን ቱቦ አለ። ውህዶቹ ተነው በሂሊየም እየተገፉ በዚህ ቱቦ ሲያልፉ፣ በጀጎል ጠባብ መንገድ እንደሚጓዝ ሕዝብ፣ አንዱ በየሱቁ ደጃፍ እየቆመ፣ ሌላው ሳይቆም ይሄዳልና በአንድ በር አብረው ቢገቡም በሌላው በር የሚወጡት በተለያየ ሰዓት ነው። የሚወጡበት ሰዓት ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለት የማይዛመዱ ውህዶች በአንድ ደቂቃ ሊወጡ ይችላሉ። በመሆኑም ከቱቦው ጫፍ ማስ ስፔክትሮሜትር ይገጠማል፤ ሞለኪውሉ በኤሌክትሮን ተመትቶ ይሰባበርና የስብርባሪዎቹ ክብደት ከንጹሑ መለኪያ ስብርባሪዎች ጋር ይነጻጸራል። ሰዓቱም ስብርባሪውም ሲገጥም ብቻ ነው «ይህ ዲዲቲ ነው» የሚባለው።

የእርስዎን ክርክር የሚመለከተው ዋናው ነገር በ3ቱ ውህዶች መካከል ያለው ሚዛን ነው። ዲዲቲ በአፈርና በፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ወደ ዲዲኢ ይለወጣል፤ ሁለቱም በአፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ። ስለዚህ ዲዲኢው ከዲዲቲው በብዙ ከበለጠ ምንጩ ድሮ የተረጨ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ዲዲቲው ካመዘነ ግን በቅርብ ጊዜ ተረጭቷል የሚለውን ያጠናክራል። ይሁንና ይህን ሚዛን ማሽኑ ራሱ ሊያዛባው ይችላል። ናሙናው የሚገባበት ቦታ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ በቀደሙ ናሙናዎች ቆሻሻ ከተበከለ ዲዲቲውን እዚያው ሰባብሮ ዲዲኢና ዲዲዲ ያደርገዋል። ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ንጹሕ ዲዲቲ አስገብቶ ስብራቱን ይለካል፤ በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የፀረ ተባይ መመሪያ ስብራቱ ከ15 በመቶ ካለፈ መግቢያው ሳይጸዳ ሥራው አይቀጥልም። ይህን ፈተና ማድረጋቸውን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብትዎ ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ክብደትን ይመለከታል። ውጤቱ የሚጻፈው በኪሎ ግራም ስንት ሚሊ ግራም ተብሎ ነው። ቅጠሉ በመንገድ ጠውልጎ ግማሽ ክብደቱን ቢያጣ፣ አንዲት ጠብታ መርዝ ሳይጨመርበት ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ከውጤቱ ጋር የቅጠሉ የእርጥበት መጠን እንዲጻፍ ያድርጉ።

ጥያቄው ስለ ቅጠሉ አነቃቂ ንጥረ ነገር ቢሆን ኖሮ የናሙናው አያያዝ በሙሉ ይለወጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅ ላብራቶሪ የታወቀው ካቲኖን ቅጠሉ ሲጠወልግ 2 የሃይድሮጅን አቶሞች ተጨምረውበት ወደ ካቲንና ኖርኤፌድሪን ይለወጣል፤ የሞለኪውሉ ክብደት ከ149 ወደ 151 ከፍ ሲል የማነቃቃት ኃይሉ ግን በጣም ይወርዳል። ዙርባው በሙዝ ወይም በኮባ ቅጠል የሚጠቀለለው፣ መኪናውም እንደዚያ የሚበረው ለዚሁ ነው፤ ነጋዴው ኬሚስትሪውን ባይማረውም ሰዓቱን ያውቀዋል። ለካቲኖን ምርመራ የሚሄድ ቅጠል በተቆረጠበት ሰዓት በበረዶ ውስጥ መግባት አለበት። ዲዲቲ ግን በአንድና በሁለት ቀን የትም አይሄድም።

ለእርስዎ የምመክረው እንዲህ ነው። ነጋዴው ባለበት፣ ከማሳው አራት ማዕዘንና ከመካከሉ፣ ከብዙ ዛፎች ጥቂት ጥቂት ቀንጥሰው ቀላቅሉትና 1 ኪሎ ያህል አድርጉት። ፀረ ተባይ ወይም ማዳበሪያ በነበረበት ጆንያ ፈጽሞ አታስገቡት፤ በአልሙኒየም ወረቀት ጠቅልላችሁ ለሁለት ክፈሉት፣ በሁለቱም ላይ ቀኑን ጽፋችሁ ፈርሙበት። አንዱ ወደ ላብራቶሪ ይሂድ፣ ሌላው ውጤቱን የሚጠራጠር ቢኖር እንዲመረመር በማቀዝቀዣ ይቆይ። ወረቀቱ «አልተገኘም» ካለ ደግሞ እስከ ስንት ድረስ መለካት እንደሚችሉ ይጠይቁ። የአውሮፓ ኅብረት የተለየ ወሰን ላልተቀመጠላቸው ፀረ ተባዮች የሚጠቀምበት ገደብ በኪሎ ግራም 0.01 ሚሊ ግራም ነው፤ ከ1 ሚሊ ግራም በታች ማየት ለማይችል ዘዴ «አልተገኘም» ማለት ብዙ ትርጉም የለውም።

ጥያቄ፦ በማኅበር ተደራጅተን የዕጣንና የከርቤ ዘይት አንጥረን እንሸጣለን። ከሌላ አቅራቢ ገዝተን የጨመርነው የዕጣን ዘይት የጂሲ-ኤምኤስ ወረቀቱ ንጹሕ ነው፤ ደንበኞቻችን ግን ልብስ ላይ የቅባት ምልክት ይተዋል ብለው መለሱልን። ማሽኑ ይሳሳታልን? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ማሽኑ አልተሳሳተም፤ ያልገባለትን ነገር አላየም እንጂ። ጂሲ-ኤምኤስ የሚባለው ማስ ስፔክትሮሜትር የተገጠመለት ጋዝ ክሮማቶግራፍ ነው። ከላይ እንደተገለጸው ጋዝ ክሮማቶግራፍ የሚያየው ተኖ በቱቦው ማለፍ የሚችለውን ብቻ ነው። የምግብ ዘይት ሞለኪውል ከባድ በመሆኑ በተለመደው ቱቦ አያልፍም፤ መግቢያው ላይ ይቀራል። እንግዲህ አንድ ሰው በዕጣን ዘይት ላይ ሲሶ ያህል የምግብ ዘይት ቢጨምር፣ የቀሩት ሁለት እጆች በወረቀቱ ላይ መቶ በመቶ ሆነው ይታያሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው መቶኛ ከታየው ውስጥ ያለውን ድርሻ እንጂ ከጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ድርሻ አይናገርም፤ ይህን ሳያውቁ ወረቀቱን እንደ ማኅተም የሚያሳዩ ነጋዴዎች ጥቂት አይደሉም።

የሚያጋልጠው ምርመራ ርካሽ ነው። በትክክለኛ ሚዛን የተመዘነ ጥቂት ዘይት በሰፊ ሳህን ላይ አድርጋችሁ በሚፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ ለሰዓታት አቆዩትና ቀሪውን መዝኑ። የዕጣን ዘይት አብዛኛው ይተናል፤ የተጨመረበት የምግብ ዘይት ግን ክብደቱን እንደያዘ ይቀራል። ለከርቤ ይህን ፈተና በጥንቃቄ ተጠቀሙበት፤ የከርቤ ዘይት በተፈጥሮው ከባድና ዝግተኛ ስለሆነ፣ ምንም ሳይጨመርበት የሚቀረው ነገር ሊኖር ይችላል።

ስለ ከርቤ አንድ ነገር ልጨምር። በከርቤ ዘይት ወረቀቶች ላይ ከርዘሪን የሚባል ውህድ በብዛት ተጽፎ ታገኛላችሁ። ከፊሉ በዘይቱ ውስጥ የነበረ ሳይሆን ፉራኖዳይኢን የተባለው ውህድ በማሽኑ መግቢያ ሙቀት ቅርጹን ለውጦ የሆነው ሊሆን ይችላል፤ ክብደታቸው አንድ ነው፣ አቶሞቹ የተያያዙበት መንገድ ብቻ ተለውጧል። የመግቢያውን ሙቀት ዝቅ አድርጎ እንደገና መመርመር እውነቱን ያወጣዋል። ከርቤውን ስታነጥሩ ራሱ እሳቱ ተመሳሳይ ለውጥ ስለሚያመጣ፣ የአንጣጠር ሰዓታችሁ ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ካልተለዋወጠ ገዢው በዘይታችሁ ላይ የሚያየው ልዩነትም ይቀንሳል።

ዕጣኑ ከየት እንደመጣ ግን ወረቀቱ በደንብ ይናገራል። በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚበቅለው የዕጣን ዛፍ የሚገኘው ዘይት ኦክታይል አሲቴት በተባለ ውህድ ይታወቃል፤ በሶማሌ ምድር ከሚበቅሉት ዝርያዎች የሚገኘው ግን በአብዛኛው አልፋ ፓይኒን በተባለው ውህድና በዘመዶቹ የበለጸገ ነው። «የሶማሌ ዕጣን» ብሎ የሸጠላችሁ ሰው ዘይቱ በኦክታይል አሲቴት የተሞላ ከሆነ ማብራሪያ ሊሰጣችሁ ይገባል።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ የጉድጓድ ውኃ አለን፤ ከጋራዥ አጠገብ ነው። አንዳንድ ቀን ቤንዚን ይሸታል። በሃይላንድ ሞልቼ ለምርመራ ብወስደው ይበቃልን? ብናፈላውስ? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ከዛሬ ጀምሮ አትጠጡት፤ ምግብም አታብስሉበት። በሃይላንድም አይውሰዱት። በመኪና ቤንዚን ውስጥ ያሉት፣ ስሙ ከነዳጁ ጋር የሚመሳሰለው ቤንዚን (benzene) የተባለው ውህድ፣ ቶሉዊንና ዛይሊን በቀላሉ ተነው የሚጠፉ ከመሆናቸውም በላይ ወደ ላስቲኩ ይሰርጋሉ። በዚህ ላይ የድሬዳዋ ሙቀት ሲጨመርበት ጠርሙሱ ላብራቶሪ የሚደርሰው ጥሩ ውኃ መስሎ ነው። ላብራቶሪውን 40 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ክዳኑ ውስጡ በቴፍሎን የተሸፈነ የመስታወት ብልቃጥ ይጠይቁ። ባለሙያው ጥቂት የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብታ ያደርግበታል፤ እርስዎ ውኃውን ቀስ አድርገው እስከ አፉ ሞልተው ይዝጉትና ይገልብጡት። አረፋ ከታየ አየር ገብቷልና እንደገና ይሙሉ። በበረዶ ተይዞ በ14 ቀን ውስጥ መመርመር አለበት።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የዚህ ቤንዚን የተባለው ውህድ ወሰን በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም ነው። የሰው አፍንጫ ይህን ውህድ በውኃ ውስጥ የሚለየው ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ሲበልጥ ነው፤ ስለዚህ ሽታ የሌለበት ቀን ደኅና ቀን አይደለም። ማፍላት ውህዱን ከውኃው አውጥቶ እናንተ በምትተነፍሱት የኩሽና አየር ውስጥ ይበትነዋል፤ አይመከርም። ከተማዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር ውኃ በመሆኑ ጉዳዩ የእናንተ ግቢ ብቻ አይደለም፤ ለውኃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን። ቁጢ የሚፈላው ከቡና ቅጠል ስለሆነ ካፌይን ይኖረዋል? በትምህርት ቤታችን ላብራቶሪ ማየት እንችላለን? (ከሐረር)

መልስ፦ አዎ፣ አለው፤ ብዙውን ጊዜ ከፍሬው ያነሰ ሲሆን ለጋው ቅጠል ከበሰለው የበለጠ ይይዛል። ካፌይንን ከቡና ፍሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው ጀርመናዊው ፍሪድሊብ ሩንገ እ.ኤ.አ. በ1819 ነው፤ እናንተ ካላችሁ መሣሪያ የተሻለ አልነበረውም።

ካፌይን በ178 ዲግሪ ገደማ ሳይቀልጥ በቀጥታ ይተናል። የደረቀና የላመ የቡና ቅጠል ከጥቂት ማግኒዥየም ኦክሳይድ ጋር ቀላቅላችሁ በሸክላ ሳህን ላይ አድርጉ፣ በላዩ በረዶ የተቀመጠበት የመስታወት ክዳን ግጠሙበት፣ ከሥር በዝግታ አሙቁት። ክዳኑ ላይ መጀመሪያ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ጠርጋችሁ መልሱት። ቀጥሎ ቀጫጭን ነጭ መርፌዎች ይይዛሉ። እሳቱ ከበረታ ቅጠሉ ያርርና ሬንጅ መሰል ቡናማ ነገር ይሸፍናቸዋል።

መርፌ መሆኑ ብቻ ግን ካፌይን መሆኑን አያረጋግጥም። አስተማሪያችሁ ንጹሕ ካፌይን ካላቸው፣ የሁለቱን ሟሟ በአንድ የሲሊካ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን አንጠባጥባችሁ በኢታይል አሲቴትና በሜታኖል ቅልቅል አስወጡትና በአልትራ ቫዮሌት መብራት ሥር ተመልከቱ፤ ሁለቱ ነጠብጣቦች በእኩል ከፍታ ከቆሙ ግምታችሁ በጣም ይጠናከራል። ሜታኖል መርዝ ስለሆነ ሥራውን መስኮት ከፍታችሁና ከእሳት ርቃችሁ ሥሩ፤ መርፌዎቹንም አትቅመሷቸው።