የመጀመሪያው ገዢ ማን ይሁን?

ባለፈው ቅዳሜ አዳማ ላይ የብረታ ብረት ሠሪዎች ማኅበራችን ሲሰበሰብ፣ «አፍሪካ ፈጠራን በፖሊሲ የምታጠናክረው እንዴት ነው?» በሚል ርዕስ ጥያቄ እንድመልስ ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝ። ሃያ ዓመት ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ቆሜ፣ ቀጥሎ ደግሞ የፖሊሲ ሰነድ ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ያደከመው ሁለተኛው ነው። ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጠርቻለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የአፍሪካ መንግሥታት ከጠቅላላ ምርታቸው አንድ በመቶውን ለምርምር ሊመድቡ ቃል ገብተው ነበር። የት ደረሰ?

መልስ፦ ቃሉ እዚህ ከተቀመጣችሁት ከብዙዎቻችሁ ዕድሜ ይበልጣል። በ1980 የአፍሪካ መሪዎች በተስማሙበት በሌጎሱ የድርጊት መርሐ ግብር ተጻፈ፤ በ2006 ካርቱም ላይ ተደገመ። ከሰሃራ በታች ያለው አማካይ ግን ግማሽ በመቶ አካባቢ ነው፤ ደቡብ ኮሪያ ወደ አምስት ትጠጋለች። ገንዘቡ ይጨመር ከተባለ እጄን አወጣለሁ። ነገር ግን በጀት ተገኝቶ የተሠራ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አቧራ ሲጠጣ ስላየሁ፣ ከበጀቱ በፊት ስለ ገዢው እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ የበቆሎ መፈልፈያ ሠርቼ በሦስት አውደ ርዕይ ተሸልሜያለሁ። እስካሁን አንድም አልሸጥኩም። ፖሊሲ ለእኔ ምን ሊያደርግልኝ ይችላል?

መልስ፦ ልጄ፣ ማሽንሽን አይቼዋለሁ፤ ዘንጉንም በእጄ አሽከርክሬዋለሁ። ብየዳሽ ንጹሕ ነው። ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ግን ከተፈታ መኪና የወጣ ነው። ሁለተኛውን ማሽን ስትሠሪ ሌላ መጠን ያለው ኩሽኔታ ታገኛለሽ፤ ያኔ ማቀፊያውን እንደገና ማስቦርቦር፣ ቺንጋውንም እንደገና መለካት ይመጣል። አንድ ጥሩ ማሽን አለሽ፤ ምርት ግን ገና የለሽም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሃያ የሚያዝሽ ሰው ቢኖር ሃያ አዲስ ኩሽኔታ በአንድ መጠን ትገዢ፣ ላሜራውንም በአንድ ልክ ታስቆርጪ ነበር።

በአፍሪካ አገሮች ውስጥ ትልቁ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት ነው። ጨረታው ደግሞ «ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ሥራ አስረክቦ የሚያውቅ» ይላል። አስረክቦ የማያውቅ ሰው መቼ ሊጀምር ነው? እኔ ፖሊሲ አውጪ ብሆን ከሽልማቱ ገንዘብ ቀንሼ ሃያ መፈልፈያ አዝ ነበር። ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪውን ደግሞ ማሽኑ አንድ የመኸር ወቅት ገበሬ ዘንድ ሠርቶ ሲፈተን እከፍላለሁ። የተሰበረውን መዝግቦ የሚያመጣ ባለሙያም እመድብ ነበር። ከምስክር ወረቀት ይልቅ የተሰበረ ዘንግ ብዙ ያስተምራል።

ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎረቤታችን የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣውን «አዋሽ 1» የተባለ ነጭ ቦሎቄ የማያውቅ የስምጥ ሸለቆ ገበሬ አለ? ዘሩ ጥሩ ነው፤ ግን የተስፋፋው በጥሩነቱ ብቻ አይደለም። ለቆርቆሮ ማሸጊያ የሚሆን ነጭና ትንሽ ፍሬ የሚፈልግ የውጭ ገበያ ነበረ። ገዢው በሩ ላይ ስለቆመ ዘሩ ሮጠ።

ጥያቄ፦ እስኪሸጥ ሌላ ሰው ቢቀዳውስ? ፓተንት ያድነኛል?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ በአምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለአንቺ የሚቀርበው ግን የአነስተኛ ፈጠራ የምስክር ወረቀት ይመስለኛል፤ አምስት ዓመት፣ ሥራ ላይ ከዋለ ሌላ አምስት። ሁለቱም ከኢትዮጵያ ድንበር አያልፉም። በአህጉሩ የፓተንት ማመልከቻ በጋራ የሚቀበሉ ሁለት የአገሮች ቡድኖች አሉ፤ አንዱ ሐራሬ፣ ሌላው ያውንዴ ተቀምጠዋል። የያውንዴው አንድ ማመልከቻ በ17 አገሮች ይሠራል። እኛ ከሁለቱም ውጪ ነን። የአፍሪካ ኅብረት በ2023 በአህጉሩ ነፃ ንግድ ቀጣና ሥር የአእምሯዊ ንብረት ፕሮቶኮል ማጽደቁ ጥሩ ጅምር ነው።

የጤፍን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። በ2007 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ወሰደ። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት ፓተንቱ በኔዘርላንድ ውስጥ እንዳይሠራ ሻረው። ታዲያ በእኛ ክስ እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት የዚያው አገር ኩባንያዎች እርስ በርስ ተካሰው ነው።

ጥያቄ፦ ኬንያ ኤም-ፔሳን ስታመጣ ሕጉ እንኳ አልነበረም ይባላል። ታዲያ ፖሊሲ ምን ያደርጋል? ዝም ቢሉን አይሻልም?

መልስ፦ የዕለቱ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነው፤ ግማሹ ግን ስህተት ነው። ሙከራው የተጀመረው በብሪታንያ መንግሥት የልማት ገንዘብ ድጋፍ፣ የአነስተኛ ብድር ተበዳሪዎች ክፍያቸውን በስልክ እንዲመልሱ ታስቦ ነበር። ሰዎቹ ግን ገንዘብ ለዘመድ መላኪያ አደረጉት። በ2007 አገልግሎቱ ሲከፈት የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ «አልቃወምም» የሚል ደብዳቤ ሰጥቶ፣ የሕዝቡ ገንዘብ በአደራ ባንክ እንዲቀመጥ አስደርጎ፣ እያየ ቆየ። ዝም አላለም፤ ዓይኑን ሳይነቅል ፈቀደ። በእኛ አገር ባንክና የአነስተኛ ብድር ተቋም ያልሆነ ድርጅት እንዲህ ያለ አገልግሎት እንዲሰጥ መመሪያ የወጣው በ2020 ነው፤ ቴሌብር በ2021 ተከተለ። አሥራ ሦስት ዓመት! በዚያ ጊዜ የእኛ ልጆች ሐሳብ አላጡም።

ጥያቄ፦ የአህጉሩ ነፃ ንግድ ቀጣና ለትንሽ ወርክሾፕ ምን ይፈይዳል?

መልስ፦ ስምምነቱ ኪጋሊ ላይ በ2018 ተፈረመ፤ በእሱ መሠረት ንግድ የተጀመረው በጥር 2021 ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቀረጥ ያወራል። እኔን የሚያሳስበኝ ፍተሻው ነው። መፈልፈያሽ እዚህ ተፈትኖ ካለፈ፣ ሞያሌን ሲሻገር እንደገና ከባዶ መፈተን የለበትም። ደረጃዎችን የሚያስማማ፣ በ1977 የተቋቋመ የአፍሪካ ድርጅት ናይሮቢ አለ። የሚቀረው አንዱ አገር የሌላውን ላቦራቶሪ ወረቀት ማመን ነው፤ ይህ ከቀረጥ ቅነሳ ይልቅ ያስቸግራል።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። ሥራዬን ትቼ ድርጅት ልክፈት ብል ቤተሰቤ ይራባል።

መልስ፦ ቱኒዚያ በ2018 ባወጣችው የጀማሪ ኩባንያዎች ሕግ፣ ተቀጣሪ የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ኩባንያውን ሊሞክር ይችላል፤ ካልሆነለት ወንበሩ ይጠብቀዋል። ሴኔጋልና ናይጄሪያም የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ሌላውን ሳይሆን ይህን አንቀጽ ብቻ እንኳ ብንዋሰው ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ እርስዎ ራስዎ የፈጠሩት ነገር አለ?

መልስ፦ ለባለቤቴ የበርበሬ መፍጫ ሠርቻለሁ። ጎረቤታችን አይታ ተመሳሳይ አዘዘችኝ። አራት ወር ሆነ፤ በዚያ መጠን ኩሽኔታ ማግኘት አልቻልኩም።